ከሰማያዊው ወደ ቡናማው

በ1998 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ውስጥ ለሶፍትዌር ገንዘብ የሚከፍል ሰው አላውቅም ነበር። ዊንዶውስ ኤክስፒ፣ ኦፊስ፣ ፎቶሾፕ፣ ቪዥዋል ስቱዲዮ፣ ሁሉም ስማቸው በማርከር በተሞነጫጨረባቸው ሲዲዎች ላይ ተገልብጠው ከእጅ ወደ እጅ ይዞሩ ነበር። ፒያሳ ወይም አራት ኪሎ አንዱ የኮምፒውተር ሱቅ ጎራ ብሎ «ኤክስፒ አለ?» ማለት ነው። በባዶው ሲዲ ዋጋ ላይ ትንሽ ጨምረህ ይዘህ ትሄዳለህ። ባለ 25 ሆሄውን የሲዲ ቁልፍ በቃላችን የምንወጣ ልጆች ነበርን። ስለዚህ ሊኑክስ የሚባል ነገር እንዳለና በነጻ እንደሚሰጥ መጀመሪያ ስሰማ ምንም አልመሰለኝም። ምኑ ይገርማል? ያልከፈልንበት እንጂ የከፈልንበት ሶፍትዌር መቼ ነበረን?

ይህን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ስለ ሊኑክስ የሚወራው አብዛኛው ነገር የሚመጣው ዊንዶውስ በውድ ከሚገዛበት አገር ነው። እዚያ የፈቃድ ክፍያ መቅረቱ ትልቅ ነገር ይሆናል። እኔን ግን ገንዘቡ አላጓጓኝም፤ የምቆጥበውም አልነበረኝም። የወሰደኝ ሌላ ነው።

ሥራዬ በቪዥዋል ቤዚክ 6 ነበር። ለመድኃኒት ቤት፣ ለጽሕፈት መሣሪያ መደብር፣ ለቪዲዮ ማከራያ የሚሆኑ ፕሮግራሞች እንሠራለን፤ ከጀርባ አክሰስ፣ ከፊት ግራጫ ፎርምና አራት ማዕዘን ቁልፎች። ለጀማሪ ፕሮግራመር ቶሎ እንጀራ የሚሆነው ይኸው ነበር፤ ዛሬም አልሰድበውም። የሚያናድደኝ አንድ ነገር ነው። እኔ ጠረጴዛ ላይ ሲሠራ የዋለው ፕሮግራም ደንበኛው ዘንድ ሲጫን «ይህ የኦሲኤክስ ፋይል አልተመዘገበም» የሚል ሳጥን ብቅ ይላል። ለምን? የሚያውቅ የለም። ፋይሉን ከሌላ ማሽን አምጥተህ ትሞክራለህ፤ እምቢ ካለ ፎርማት። «ፎርማት አድርገው» የዘመኑ ጸበል ነበር፤ ለቫይረሱም፣ ለመንቀርፈፉም፣ ለሰማያዊው ስክሪንም ያው እሱ ነው። ፕሮግራመር ነኝ እላለሁ እንጂ፣ ማሽኑ ውስጥ ምን እየሆነ እንዳለ ከደንበኛዬ የተሻለ አላውቅም ነበር።

ቢሮአችን ውስጥ ኔትወርኩንና ሰርቨሩን የሚጠብቁ አንድ ጎልማሳ ሰው ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ብዙ አይናገሩም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ እያወረዱ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይውላሉ። አንድ ቀን ለምሳ ስንወጣ ጠሩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ፕሮግራመር ነኝ አይደል የምትለው?»

«አዎ ጋሼ።»

«የምትሠራበትን ዕቃ ከፍተህ ውስጡን አይተኸው ታውቃለህ?»

ኬዙን መስሎኝ «አዎ፣ ራም ጨምሬበታለሁ» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። መሳቢያቸውን ስበው በካርቶን ማቀፊያ ውስጥ ያለ ሲዲ አወጡ። «እንካ። አትጫነው፤ ዝም ብለህ ከተህ አስነሳው። ካልጣመህ አውጥተህ መልስልኝ፤ ማሽንህን አይነካብህም» አሉኝ።

ሲዲው ኡቡንቱ 6.06 ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2006 ስድስተኛ ወር ላይ የወጣ ስለሆነ ቁጥሩም ያው ነው። በማርከር አልተጻፈበትም፤ በፋብሪካ የታተመ ነው። ማቀፊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ታክሲ ውስጥ ሳነብ ግን ዓይኔን ተጠራጠርኩ። ገልብጡት፣ ለወዳጅ ስጡት፣ ብትፈልጉ ለውጡት፣ ሕጉም ይፈቅድላችኋል ይላል። ሲዲ ሲገለብጥ ላደገ ልጅ «ገልብጠኝ» የሚል ሲዲ ማግኘት ግራ ያጋባል። ጋሼ ያስመጡት በኢንተርኔት አዝዘው፣ በመሥሪያ ቤቱ ፖስታ ሣጥን በኩል ነበር። አምራቹ የፖስታውን ዋጋ ሳይቀር ችሎ፣ ሲዲውን ላዘዘ ሁሉ የትም አገር ይልክ ነበር። ዋናው ፖስታ ቤት ሄዶ በወረቀት ፈርሞ መቀበል ብቻ ነው።

ታሪኩን ያነበብኩት በኋላ ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ለትርፍ ጊዜ ያህል አንድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም እየሠራሁ ነው ብሎ ለሌሎች ፕሮግራመሮች ያስታወቀው በፈረንጆች ኦገስት 25 ቀን 1991 ነው። በእኛ ነሐሴ 19 ቀን 1983 ይውላል፤ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ከገባ ሦስት ወር ሊሞላው ጥቂት ቀን ሲቀረው ማለት ነው። የዚያ ሰሞን የእኛ ቤት ወሬ ሌላ ነበር። ከሱ በፊት ደግሞ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1983 የግኑ ፕሮጀክትን አስታውቆ ኮምፓይለሩንና ሌላውን የሥራ ዕቃ ከጓደኞቹ ጋር ሲያዘጋጅ ቆይቷል፤ የሁለቱ ሥራ ተጋጥሞ ነው እኛ ዘንድ የደረሰው። ኡቡንቱን ያቋቋመው ማርክ ሸትልወርዝ ደግሞ ደቡብ አፍሪካዊ ነው። ኩባንያውን እ.ኤ.አ. በ1999 ሸጦ ከበረ፣ በ2002 በሩሲያ መንኮራኩር ጠፈር ደርሶ መጣ፣ በ2004 ኡቡንቱን አወጣ። ሰማይ ቤት ደርሶ የተመለሰ ሰው የላከልኝን ሲዲ ይዤ ነው እንግዲህ ሰፈሬ የገባሁት።

ማታ አስነሳሁት። የኮምፒውተሬ ራም 256 ሜጋባይት ብቻ ስለነበር ሲዲው ተጨናንቆ ተቀመጠበት። የሲዲ ድራይቩ ቆም እያለ፣ እንደገና እየተነሳ ሲያጉረመርም እማዬ ከጓዳ «ደሞ ምን እያስፈጨህ ነው?» አለችኝ። በመጨረሻ ከበሮ ተመታ፤ እውነት ነው የምላችሁ፣ የመግቢያው ድምፅ ከበሮ ነበር። ስክሪኑም ቡናማ ሆነ። ኤክስፒ ሰማያዊ ሰማይና አረንጓዴ ኮረብታ ይዞ ነው የሚነሳው፤ ይኼኛው የታረሰ መሬት ቀለም ነው። ብዙ የፈረንጅ ተጠቃሚ ያንን ቡናማ አልወደደውም ነበር። እማዬ ግን ቆማ አይታ «ይሻላል፣ ዓይን አይወጋም» አለች፤ ፍርዷን እስከ ዛሬ እቀበለዋለሁ። የምሳሌዎች ማህደር ውስጥ ኔልሰን ማንዴላ የሚናገሩበት አጭር ቪዲዮ አገኘሁና ከፈትኩላት። በ1954 ዓ.ም. ኮልፌ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱትን ሰውዬ እሷ ከእኔ በላይ ታውቃቸዋለች። ወንበር ስባ ተቀመጠች።

መጫኑ ቀላል ነበር፤ ሃርድ ዲስኩን ለሁለት ከፍዬ ግማሹን ለዊንዶውስ ተውኩለት። ቋጠሮው የመጣው ሞደሙ ላይ ነው። ያኔ ቤት ውስጥ ኢንተርኔት ማለት ኮምፒውተሩን ስልክ መስመር ላይ ሰክቶ ያንን የታወቀ ጩኸት መስማት ነበር። በርካሽ ማሽኖች ውስጥ የሚገጠመው ሞደም ግን ግማሽ ሞደም ነው። ድምፁን ወደ ዳታ የመለወጡን ሥራ የሚሠራው ካርዱ ሳይሆን ዊንዶውስ ላይ የሚጫነው ድራይቨር ነው፤ ዊንሞደም የሚሉትም ለዚህ ነው። ሊኑክስ ላይ ካርዱ ትንፍሽ አይልም። ድራይቨሩን ለማምጣት ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ ኢንተርኔት ለመግባት ድራይቨሩ ያስፈልጋል። ከሌላ ቦታ አውርጄ ሳመጣውም በነጻ የሚሰጠው በሴኮንድ ከ14.4 ኪሎቢት እንዳያልፍ ሆን ተብሎ የታሰረ ሆኖ ተገኘ። ሙሉውን የፈለገ በዶላር፣ በክሬዲት ካርድ ይክፈል ተብሏል። ክሬዲት ካርድ እኔ ያየሁት ፊልም ላይ ነው።

ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። «ከውጭ የሚቀመጠውን ሲሪያል ሞደም ፈልግ፤ እሱ ሥራውን ራሱ ነው የሚሠራው፣ ዊንዶውስን አይለምንም» አሉኝ። መርካቶ ከአሮጌ ዕቃ መሃል አንድ አገኘሁ፤ ፊቱ ላይ ትንንሽ ቀይ መብራቶች የተደረደሩለት፣ ከባድ ሣጥን ነው። ሰካሁትና መደወያውን ትዕዛዝ ጻፍኩ። እዚህ ላይ ነው መጀመሪያ የተገረምኩት። ዊንዶውስ ላይ ስትደውል ሁለት ትንንሽ ኮምፒውተሮች ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ ከዚያ ይሳካል ወይም በቁጥር የተጻፈ ስህተት ይነግርሃል፤ አለቀ። እዚህ ግን ማሽኑና ሞደሙ የሚባባሉት ሁሉ በየመስመሩ ይወርዳል። ይህን ቁጥር ደውል፣ ደወልኩ፣ ተያያዝን፣ ስም ጠየቀኝ፣ ስም ሰጠሁት፣ የይለፍ ቃል ጠየቀኝ፣ ይህን አድራሻ ሰጠኝ። ሲቋረጥም የቱ ጋ እንደተቋረጠ ይታያል። መስመሩ እንደ ድሮው ይቋረጣል እኮ! ልዩነቱ ለምን እንደተቋረጠ ማወቄ ነው፤ የሰው ንዴት ምክንያቱን ሲያውቅ እንዴት እንደሚቀንስ ያየሁት ያኔ ነው።

ትልልቅ ነገር በስልክ መስመር ማውረድ ስለማይታሰብ ፍላሽ ይዞ ኢንተርኔት ካፌ መሄድ ግድ ነበር። ሲናፕቲክ የሚባለው የኡቡንቱ ፕሮግራም የምትፈልጋቸውን ፓኬጆች ካስመረጠህ በኋላ የማውረጃ አድራሻቸውን በአንድ ፋይል ዘርዝሮ ይሰጥሃል። ያንን ይዤ ሄድኩ። ካፌው ማሽን ላይ በኖትፓድ ስከፍተው አድራሻዎቹ በሙሉ ተጣብቀው አንድ ረጅም መስመር ሆነዋል፤ በየመሃላቸው ባዶ ሣጥን ተቀምጧል። በዎርድፓድ ስከፍተው ደግሞ እያንዳንዱ በየመስመሩ ቁጭ አለ። ነገሩ ሲጣራ ሊኑክስ መስመር የሚጨርሰው በአንድ ምልክት ነው፤ ዊንዶውስ በሁለት። ሁለቱ ምልክቶች ከቴሌፕሪንተር ዘመን የተረፉ ናቸው። አንደኛው ማተሚያውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ ይመልሳል፣ ሌላው ወረቀቱን አንድ መስመር ከፍ ያደርጋል። የዚያን ጊዜው ኖትፓድ አንዷን ብቻ ሲያይ መስመር ያለቀ አይመስለውም። እኔ የዚያን ማታ እዚያ ወንበር ላይ ሆኜ የሦስት አራት አሥርት ዓመት የማሽን ታሪክ ከአንዲት ባዶ ሣጥን ተማርኩ፤ የካፌው ልጅ «ወንድሜ፣ ሰዓትህ አልቋል፤ ይጨመር?» እያለ።

ያወረድኩትን ቤት ወስጄ ስጭን አንድ ላይብረሪ ይጎድላል። እሱን ለማምጣት በማግስቱ እሄዳለሁ፤ እሱም የራሱን ይጠይቃል። ዛሬ አንድ ትዕዛዝ ጽፎ ቡናውን ሳይጨርስ ሁሉ ነገር የሚገባለት ልጅ ይህን እንደ ስቃይ ይቆጥረው ይሆናል። ድካም ነበር፤ አልዋሽም። ነገር ግን የትኛው ፕሮግራም በየትኛው ላይ እንደቆመ፣ ምስል የሚያሳየው የቱ ነው፣ ፎንት የሚያነበው የቱ ነው፣ ዳታ የሚጨምቀው የቱ ነው፣ በስማቸው አወቅኳቸው። ኢንተርኔቱ ፈጣን ቢሆን ኖሮ አንዱንም አላውቅም ነበር።

ከሁሉ የጣመኝ ትዝታ የፍላሽ ማጠብ ሥራዬ ነው። ዘመኑ የፍላሽ ቫይረስ ዘመን ነበር። ፍላሽህን ካፌ ሰክተህ ትነቅላለህ፤ ቤትህ ስትሰካው ፎልደሮችህ ጠፍተው በምትካቸው ፎልደር የሚመስሉ የቫይረስ ፋይሎች ይቀመጣሉ። ፎልደር ነው ብለህ ሁለቴ ስትጫነው ማሽንህ ተበላ። አንድ ማታ የሰፈራችን ልጅ፣ የመመረቂያ ጽሑፏን ለማስገባት የተቃረበች፣ ዓይኗ ቀልቶ መጣች። «ወንድሜ፣ ሁሉም ጠፋ» አለች። ፍላሹን ሊኑክሱ ላይ ሰካሁት። ምንም አልሆነም፤ ቫይረሱ ለዊንዶውስ የተጻፈ ስለሆነ እዚህ ተራ ፋይል ነው። ስከፍተው ጠፉ የተባሉት ፎልደሮች ቁጭ ብለዋል። ቫይረሱ አላጠፋቸውም፤ ዊንዶውስ እንዳያሳያቸው «የተደበቀ» የሚል ምልክት ብቻ ነው ያደረገባቸው። ሊኑክስ ያን ምልክት ከቁብ አይቆጥረውም። አጠገባቸው አስመሳዮቹ ከነሙሉ ስማቸው፣ መጨረሻቸው ላይ ዶት ኢኤክስኢ እያሉ ተደርድረዋል፤ ራሱን በራሱ የሚያስነሳው የኦቶራን ፋይልም አለ። ከፍቼ አሳየኋት፤ ጥቂት መስመር ጽሑፍ ነው። «ይኼ ነው እንዴ ያስለቀሰኝ?» አለች። አስመሳዮቹን ሰረዝኩላት፣ ጽሑፏን ይዛ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ሰው አይጠፋውም። እማዬ በር ከፍታ «ለፍላሽ ነው? ግባ» ማለት ለመደች።

ለፕሮግራመርነቴ የጠቀመኝ ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ ማኑዋሉ ነው። ሊኑክስ ውስጥ የአብዛኛው ትዕዛዝ መግለጫ ማሽኑ ውስጥ አብሮ ይመጣል፤ ሦስት ፊደል ጽፈህ የትዕዛዙን ስም ብትከተል ይከፈትልሃል። የሲ ቋንቋ ፈንክሽኖች ሳይቀሩ መግለጫ አላቸው። ቪዥዋል ቤዚክን የሚያስረዳው ኤምኤስዲኤን በብዙ ሲዲ ነበር የሚመጣው፤ ከተገለበጠው ውስጥ ሁልጊዜ አንዱ ሲዲ የተቧጨረ ነው። እዚህ ግን ኢንተርኔት በሌለበት ቤት፣ ሌሊት፣ የሚጠየቅ ሰው ሳያስፈልገኝ ማንበብ ቻልኩ። ጽሑፉ ደረቅ ነው፤ አያባብልም፤ ምሳሌ ይነፍጋል። ሦስቴ ካላነበብከው አይገባህም። ሲገባህ ግን ከነሥሩ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ የመጣው ነገር ነው ጋሼ «ውስጡን አይተኸው ታውቃለህ» ያሉት። ኮምፒውተሩ ሲነሳ አገልግሎቶችን አንድ በአንድ የሚያስነሱት ፋይሎች አንድ ማህደር ውስጥ እንደሚቀመጡ አነበብኩ። ከፈትኳቸው። ዊንዶውስ ላይ እንዲህ ያለ ፋይል በኖትፓድ ብትከፍት የሚወጣው ዝባዝንኬ ምልክት ነው። እዚህ የወጣው ሊነበብ የሚችል ጽሑፍ ነው፤ «ይህ ፋይል ካለ ይህን አስነሳ፣ ከሌለ ተወው» ዓይነት ተራ ፕሮግራም፣ ከነአስተያየቱ፣ አንዳንዱ ከነጸሐፊው ስም። አታሚ ስለሌለኝ የአታሚውን አገልግሎት እንዳይነሳ አደረግኩት፤ ማሽኔ ትንሽ ቶሎ መነሳት ጀመረ። ነገሩ ኢምንት ነው። እኔ ግን እስከዚያች ሌሊት ድረስ ኦፐሬቲንግ ሲስተምን የሰው ልጅ የጻፈው ነገር አድርጌ አስቤው የማውቅ አይመስለኝም። ማይክሮሶፍት የሚባል ሩቅ ቦታ ላይ ተፈልቅቆ የሚወጣ ዕቃ ነበር የሚመስለኝ። ለካ እኔ በየቀኑ የምጽፈውን የሚመስል ነገር ነው። ዊንዶውስን የለቀቅኩት በልቤ ያኔ ነው፤ በእጄ ገና ብዙ ቆይቻለሁ።

በእጅም እንድለቅ ያደረገኝ ሥራው ራሱ ነው። ድረ ገጽ የሚያሠሩ ደንበኞች እየበዙ ሲሄዱ ወደ ፒኤችፒና ማይኤስኪውኤል ዞርን። ቢሮው ውስጥ ዊንዶውስ ላይ እንሠራለን፤ ሥራው የሚጫንበት የኪራይ ሰርቨር ግን ሊኑክስ ነው። ቢሮ ውስጥ ሁሉም ያማረ፣ ሲጫን ግን ግማሹ ምስል የማይታይ፣ ግማሹ ገጽ የማይከፈት ይሆናል። ዊንዶውስ በትልቁና በትንሹ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፉ ስሞችን አንድ አድርጎ ነው የሚያየው፤ ለሊኑክስ ግን ሁለት የተለያዩ ፋይሎች ናቸው። ትልቅና ትንሽ የሚባል ነገር በሌለው ፊደል ላደግን ሰዎች ይህ ከንቱ ጣጣ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ሰርቨሩ አይሰማም። በቀላሉ የሚታለፍበት መንገድ ሥራውን ከመጀመሪያው ሰርቨሩን በሚመስል ማሽን ላይ መሥራት ነው። የእኔ ማሽን ደግሞ ያን ይመስላል። ቀስ በቀስ ባልደረቦቼ «እስቲ አንተ ጋ እንሞክረው» እያሉ ጠረጴዛዬ ላይ ይሰበሰቡ ጀመር። አንዳንዶቹ ሲዲውን ገልብጠው ወሰዱ፤ ማቀፊያው እንደሚያዘው።

አማርኛው ነገር ብቻውን ጽሑፍ ይወጣዋል። ኤክስፒ የግእዝ ፎንት ይዞ አይመጣም ነበር። በፓወር ግእዝና በቪዥዋል ግእዝ ነበር የምንጽፈው፤ ለዘመኑ ትልቅ ሥራ ናቸው፣ ብዙ ጋዜጣና መጽሐፍ ያለ እነሱ አይወጣም ነበር። ጣጣው በእነዚያ ፎንቶች የጻፍከው አማርኛ ማሽኑ ውስጥ የሚቀመጠው በላቲን ፊደል ኮድ መሆኑ ነው። ፎንቱ የሌለው ማሽን ላይ ስትከፍተው ዝባዝንኬ ይሆናል። ለፕሮግራመር ደግሞ ይብሳል። የመድኃኒት ቤቱን ደንበኞች ስም በፊደል ተራ አሰልፍ ስትለው የሚያሰልፈው በላቲኑ ኮድ ነው፤ በቀለ ከኃይሉ በኋላ፣ ሰናይት ከሁሉም መጨረሻ ልትወጣ ትችላለች። እዚያ ቤት የሚሠሩ፣ እትዬ የምንላቸው ሴት ደጋግመው «ይኼ ኮምፒውተር ፊደል አልቆጠረም እንዴ?» ይሉኝ ነበር፤ ያሉት ልክ ነበር።

የግእዝ ፊደል ግን እ.ኤ.አ. በ1999፣ ለየቋንቋው ፊደል ኮድ በሚሰጠው በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የራሱን ቦታ አግኝቷል፤ ከሀ ጀምሮ በየረድፉ። ኡቡንቱ ሁለመናው ዩኒኮድ ስለሆነ በፓይተን ቋንቋ የስሞች ዝርዝር ሰጥቼ ተሰለፉ ስላቸው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለው ተሰለፉ። አንድም መስመር ተጨማሪ ኮድ አልጻፍኩም። መተየቢያውንም አገኘሁ፤ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ባዘጋጁት ሴራ በሚባለው ሥርዓት የእንግሊዝኛውን ፊደል ስትጫን አማርኛው ይወጣል። ወደ ማሽኑ ስትገባ ቋንቋ ስትመርጥም አማርኛ አለ። የግእዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት የኡቡንቱ ዴስክቶፕ የሆነውን የኖምን ሜኑዎች እ.ኤ.አ. በ2002 መተርጎም ጀምሮ ነበር። ትርጉሙ ሙሉ አይደለም፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው፣ አንዳንዱም ቃል ያስቃል። ደግሞ ጀርመን አገር እነ ብርሃኑ በየነ የሰነድ ማዘጋጃ ለሆነው ላቴክ የሠሩት የአማርኛ ፓኬጅ አለ። እነዚህን ስሞች ፋይሎቹ ራስጌ ላይ ነው ያነበብኳቸው። እንደኔ ዓይነት ስም ያለው ሰው ዓለም የሚጠቀምበት ፕሮግራም ውስጥ ገብቶ ማየቴ ምን እንደተሰማኝ ለመግለጽ አልሞክርም። ማይክሮሶፍትም ብዙ አልዘገየም፤ በ1999 ዓ.ም. የወጣው ቪስታ ኒያላ የሚባል የግእዝ ፎንት ይዞ መጣ። ጥሩ ፎንት ነው። ግን የተጻፈበትን ገልጦ ማየት፣ ጎደለ የምትለውን ጨምሮ መመለስ የሚቻለው ቡናማው ቤት ብቻ ነበር።

ሁሉም ነገር ማር ነበር ማለቴ አይደለም። ከመሥሪያ ቤቶች የሚመጣ በፓወር ግእዝ የተጻፈ ሰነድ ኦፕን ኦፊስ ላይ ስከፍተው ዝባዝንኬ ነው፤ ዊንዶውስ ውስጥ ተመልሶ መግባት ነበረብኝ። አታሚ ማስነሳት ዕድል ይጠይቃል። ገመድ አልባ ኔትወርክ ላፕቶፕ ሲመጣ የዊንሞደሙን ጣጣ በሌላ መልክ ደገመብኝ። ታናሽ ወንድሜ ደግሞ የኳስ ጨዋታው የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ስለሆነ ያንን ግማሽ ሃርድ ዲስክ እንደ ውርስ ይጠብቀው ነበር። «አባባ ጋ እከስሃለሁ» ይለኛል ገና እጄን ወደዚያ ሳነሳ። የመጨረሻው የቪዥዋል ቤዚክ ደንበኛዬ ፕሮግራሙን ሲቀይርና ወንድሜ የራሱን ላፕቶፕ ሲገዛ ነው ያ ግማሽ የተጠረገው። ምንም ሥነ ሥርዓት አልተደረገለትም።

ሲዲ በነጻ የመላኩ ነገር እ.ኤ.አ. በ2011 ቆመ። ቡናማውም ከዚያ አስቀድሞ በ2010 ቀርቶ ሐምራዊ ሆነ፤ እማዬ አልወደደችውም። ጋሼ ጡረታ ወጥተዋል፤ ስንገናኝ ስለ ልጆችና ስለ ስኳራቸው ነው የምናወራው። ዛሬ የእኔን ሥራ የሚሠራ ወጣት ዊንዶውስ ላይም ሆኖ ሊኑክስን በአንድ ትዕዛዝ ውስጡ ማስነሳት ይችላል። ማይክሮሶፍት ራሱ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ያንን መንገድ ከፍቶለታል። ስልኩም አንድሮይድ ከሆነ ከሥሩ ያለው ሊኑክስ ነው። ማንም ማንንም ማሳመን አያስፈልገውም።

ለአንባቢ ግን አንድ ነገር ልበል። የዊንዶውስ 10 መደበኛ የደኅንነት ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ብዙ ቤትና ብዙ መሥሪያ ቤት ውስጥ ዊንዶውስ 11 የማይቀበላቸው ደህና ላፕቶፖችና ዴስክቶፖች አሉ። ከመጣላችሁ ወይም ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት የሊኑክስ ኮፒ ፍላሽ ላይ አድርጋችሁ ሳትጭኑ አስነሱትና አንድ ማታ አምሹበት። ዋይፋዩን፣ ድምፁን፣ አታሚውን፣ የአማርኛ መተየቢያውን ሞክሩት። ከጣማችሁ ጫኑት፤ ካልጣማችሁ ፍላሹን ንቀሉ፣ ማሽናችሁን አይነካውም። ልትጭኑት ከወሰናችሁ ግን ፎቷችሁንና ሰነዳችሁን አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡ።